የቀበሌ ቤት ዕዳ፦ ዳንግላና እንጅባራ ከ1967 ወዲህ

በኢትዮጵያ ከተሞች ዝቅተኛ ገቢ ያለው ቤተሰብ በአነስተኛ ኪራይ የሚኖርበት የቀበሌ ቤት መነሻው ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. ነው። በዚያ ዕለት ደርግ ያወጣው አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት አደረገ። የገጠሩ መሬት አዋጅ ቁጥር 31 የካቲት 25 ቀን ከወጣ አምስት ወር እንኳ አልሞላም ነበር።

አዋጁ የተከራዩንም የአከራዩንም ኑሮ ለወጠ። አንድ ቤተሰብ ከአንድ መኖሪያ ቤት በላይ እንዳይኖረው፣ ቦታውም ከ500 ካሬ ሜትር እንዳይበልጥ ደነገገ። ግለሰብ ቤት አከራይቶ ገቢ ማግኘቱ ቀረ፤ አከራዩ መንግሥት ብቻ ሆነ። ኪራይ እስከ 300 ብር ድረስ እንደ መጠኑ ሲቀነስ፣ አነስተኛ ኪራይ ይከፍል የነበረው ድሃ ከሌላው የበለጠ ቅናሽ አገኘ። የተወረሱት ቤቶች አስተዳደርም ለሁለት ተከፈለ። በወር ከ100 ብር በላይ የሚከራዩት ለኪራይ ቤቶች ድርጅት፣ ከዚያ በታች ያሉት ለከተማ ነዋሪዎች ማኅበር፣ ማለትም ለቀበሌ ተሰጡ።

በክፍለ ሀገር ከተሞች የዚህ ክፍፍል ትርጉም ግልጽ ነው። ዳንግላ የአገው ምድር አውራጃ ዋና ከተማ ነበረች። ሮበርት ቺዝማን እ.ኤ.አ. ከ1925 እስከ 1934 የሰሜን ምዕራብ ኢትዮጵያ የእንግሊዝ ቆንስል ሆኖ የተቀመጠውም እዚያው ነው። ገበያ፣ የመንግሥት መሥሪያ ቤትና የውጭ እንግዳ ባለበት ከተማ ተከራይ አይጠፋም። ነገር ግን በባሕር ዛፍ እንጨት ቆሞ ጭቃ በተለሰነ ቤት የ100 ብር ኪራይ የማይታሰብ ስለነበር፣ በእንዲህ ያሉ ከተሞች የተወረሰው ቤት በአብዛኛው የቀበሌ ድርሻ ሆነ።

ተከራዩ ያገኘው እፎይታ እውነተኛ ነበር። ቤት አስለቃቂው አከራይ ጠፋ፤ ኪራዩም ወርዶ እዚያው ቆመ። ነገር ግን የእፎይታው ወጪ የተሸፈነው ከመንግሥት ካዝና አልነበረም። ይህን ለማየት አዋጁን ከቪየና አሠራር ጋር ማነጻጸር ይረዳል። የቪየና ከተማ አስተዳደር እ.ኤ.አ. በ1923 የቤት ግንባታ ግብር ጥሎ እስከ 1934 ባለው ጊዜ ከ60 ሺህ በላይ የሠራተኛ መኖሪያዎች ሠራ። የእኛው አዋጅ ግን በዋናነት ያለውን ቤት አከፋፈለ። ቀበሌው ከሚሰበስበው ኪራይ ቤት እንዲጠግን፣ ርካሽ ቤትም እንዲሠራ ታስቦ ነበር፤ የሚሰበሰበው ሳንቲም ግን ቆርቆሮ ለመቀየር እንኳ አይበቃም።

ስለዚህ ዕዳውን ሁለት ወገን ከፈለው። አንደኛው ቤቱ ራሱ ነው። ግድግዳው ሲሰነጠቅ ተከራዩ የእኔ ያልሆነን ቤት ለምን ላድስ ይላል፤ ቀበሌው በጀት የለኝም ይላል። ጣራው ያፈሳል፤ የጋራ ሽንት ቤቱ ይሞላል፤ ኩሽናው ይዘማል። ሁለተኛው ከፋይ ዘግይቶ የመጣው ነው። ኪራዩ ርካሽ የሆነ ቤት የሚለቅ የለም፤ ወላጅ ሲሞት ልጅ ይቀጥላል። ልጁ አግብቶ መውጫ ሲያጣ እዚያችው ክፍል በመጋረጃ ተከልሎ ይኖራል፤ ሌላው ደባል ይገባል። በ1967 ቁልፍ የያዘና ከዚያ በኋላ ከተማ የገባ ድሃ ገቢያቸው እኩል ቢሆንም ኑሯቸው ለየቅል ሆነ።

ይህ ልዩነት ከሁሉ በላይ የሚታየው በእንጅባራ ነው። ቀድሞ ኮሶበር የምትባለው ይህች ከተማ ከአዲስ አበባ ወደ ባሕር ዳር የሚወስደው መንገድ ወደ ቻግኒና መተከል ከሚታጠፈው መንገድ ጋር የሚገናኝባት ናት። ከ1983 ዓ.ም. በኋላ የአዊ ብሔረሰብ አስተዳደር ዋና ከተማ ሆነች፤ ቆይቶም ዩኒቨርሲቲ ተከፈተባት። መሥሪያ ቤቱም፣ መምህሩም፣ ሠራተኛውም የመጣው ትርፍ ቤት ከተወረሰ ከብዙ ዓመት በኋላ ነው። እንዲህ ዘግይቶ ለመጣው ሰው የሚከፋፈል የቀበሌ ቤት አልተረፈም፤ ኪራዩን ከግለሰብ አከራይ ጋር ይነጋገራል።

መንግሥትም ከ1980ዎቹ ወዲህ መንገዱን ቀይሯል። በ1986 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 80 የከተማ ቦታ በሊዝ የሚያዝ ሆነ፤ ግለሰብም ቤት ማከራየት ይችላል። በ1990ዎቹ አጋማሽ የተጀመረው የኮንዶሚኒየም ፕሮግራም ቤቱን የሚያስተላልፈው በሽያጭ ነው። ዕጣ የወጣለት ቅድሚያ ክፍያ ከፍሎ ቀሪውን በባንክ ብድር ይሸፍናል። ክፍያው ያቃተው ቤቱን ለተሻለ ገቢ ላለው አከራይቶ እሱ ራሱ ርካሽ ክፍል ፍለጋ ይወጣል። በክልል ከተሞች ያለው ሌላው አማራጭ፣ በማኅበር ተደራጅቶ ቆጥቦ ቦታ መውሰድም፣ የሚቆጥብ ገንዘብ ላለው ነው። ከወር ወር ለሚኖር ቤተሰብ ሁለቱም በሮች ጠባብ ናቸው።

በ2016 ዓ.ም. የወጣው የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320 አከራይና ተከራይን እንደገና በሕግ አሰረ። ውሉ በጽሑፍ እንዲሆንና እንዲመዘገብ፣ ቢያንስ 2 ዓመት እንዲቆይ፣ ቅድመ ክፍያው ከ2 ወር እንዳይበልጥ፣ ጭማሪውም ተቆጣጣሪው አካል በዓመት ከሚወስነው እንዳያልፍ ያዝዛል። ከ1967ቱ የሚለየው ቤቱን ለባለቤቱ መተዉ ነው፤ የሚያመሳስለው ደግሞ አዲስ ክፍል አለመጨመሩ። የኪራይ ጣሪያ ቤት ውስጥ ያለውን ሰው ይጠብቃል፤ በር ላይ የቆመውን ግን አያስገባም። የተከራዩን ድጎማ ግልጽ በሆነ በጀት የሚከፍል፣ ለኪራይ ብሎም ቤት የሚሠራ አካል እስካልተገኘ ድረስ፣ ዕዳው እንደ ከዚህ ቀደሙ ባረጀው ቤትና ዘግይቶ በመጣው ድሃ ላይ ይወድቃል።