ሰምና ወርቅ ያለው መመሪያ

ሆሳዕና ወይም ዱራሜ፣ ከአንድ ጋራዥ ደጃፍ ቆም ብሎ ጆሮውን የሰጠ ሰው አራት ቋንቋ ያገኛል። መካኒኩ ከባልደረባው ጋር በሀዲይኛ ወይም በከምባትኛ ይጫወታል፤ ከባለ መኪናው ጋር በአማርኛ ይከራከራል፤ ረዳቱን «ካቻቢቴ አቀብለኝ፣ ሮንዴላው የታል?» ሲል ሳይታወቀው ጣሊያንኛ ይናገራል። ዳዶና ቡሎንም ከዚያው የመጡ ናቸው። የመኪናው መመሪያ ግን የተጻፈው በእንግሊዝኛ ነው። ታዲያ በዚህ ሁሉ መሸጋገሪያ ስህተት ቢገባ ምን ይገርማል?

ብዙ ዓመት ሥነ ጽሑፍ ያስተማርኩ ሰው ነኝና ነገሩን የማየው በቋንቋ በኩል ነው። ቅኔ ሰምና ወርቅ ሲኖረው እናጨበጭባለን። «ዳዶው ይጠብቃል» የሚል መመሪያ ቢኖር ግን እስቲ አስቡት። «ብ» ላልታ ከተነበበች ዳዶው ይጥበቅ ማለት ነው፤ ጠብቃ ከተነበበች ደግሞ ዳዶው ይቆይ፣ በኋላ ይታሰራል ማለት ይሆናል። አንድ ጽሑፍ፣ ሁለት ሥራ!

ነገሩ ሲከፋ የት እንደሚያደርስ የአውሮፕላን ጥገና ታሪክ ይመሰክራል። እ.ኤ.አ. ኦገስት 20 ቀን 2007 የታይዋኑ ቻይና ኤርላይንስ ቦይንግ 737-800 አውሮፕላን ጃፓን ውስጥ ናሃ ካረፈ በኋላ በእሳት ጋየ። ደግነቱ 165ቱም ሰዎች አመለጡ። መርማሪዎቹ ነገሩን ወደ ኋላ ሲከታተሉት አንዲት ሮንዴላ ላይ ደረሱ። ከአንድ ወር ተኩል ገደማ በፊት፣ በክንፉ ፊት ለፊት ባለው ተንሸራታች ክፍል አንድ ዳዶ በጥገና ሲፈታ ሮንዴላዋ ወድቃ ቀርታለች። ዳዶው ከቀዳዳው ያንስ ስለነበር ያለ እርሷ ቡሎኑን መያዝ አልቻለም። ቡሎኑ ሾልኮ ወደቀ፤ ክፍሉ ሲሰበሰብ ተገፍቶ የነዳጅ ጋኑን በሳው።

የሥራው ቦታ ጠባብና ለዓይን የማይመች ነበር። መርማሪዎቹ ታዲያ በመካኒኩ እጅ ላይ ብቻ አላቆሙም። የአምራቹ ደብዳቤም ሆነ የአየር መንገዱ የሥራ ካርድ ሲዘጋጁ ለሥራው አስቸጋሪነት በቂ ትኩረት አልተሰጠም አሉ። ወረቀቱም ተከሰሰ ማለት ነው።

የእኛም አየር መንገድ የጥቃቅን ነገር መዘዝ ደርሶበታል። እ.ኤ.አ. ጁላይ 12 ቀን 2013 «ንግሥተ ሳባ» የተባለችው ቦይንግ 787 ለንደን ሂትሮው ቆማ ሳለ፣ ውስጧ ሰው ሳይኖር፣ ከጅራቷ አጠገብ ጣሪያዋ ነደደ። የእንግሊዝ መርማሪዎች በ2015 ባወጡት ዘገባ መነሻውን ከአደጋ ጊዜ ቦታ ጠቋሚው መሣሪያ ባትሪ ላይ አገኙት፤ ገመዶቹ ተጠላልፈው ከክዳኑ ሥር ተቆንጥጠው ነበር። እዚህ ላይ ጥፋቱን ለመመሪያ አልሰጥም። ግን ክዳን መዝጋትን የመሰለ ቀላል ሥራ እንኳ «መጀመሪያ ገመዱን እይ» የሚል ግልጽ ቃል እንደሚያሻው ያስተምረናል።

መድኃኒቱ የተገኘው ከሰዋስው ነው ብል አትሳቁብኝ። በ1970ዎቹ መጨረሻ የአውሮፓ አየር መንገዶች እንግሊዝኛ አፍ መፍቻቸው ላልሆነ መካኒኮች መመሪያው ይቅለል ብለው አምራቾቹን ጠየቁ። በ1986 ቀለል ያለ እንግሊዝኛ የመጻፊያ ደንብ ወጣ። አንድ ቃል አንድ ትርጉም ብቻ ይኑረው፤ የሥራ ትእዛዝ ከ20 ቃል አይብለጥ ተባለ። «ክሎዝ» ማለት መዝጋት ብቻ ሆነ፤ «ቅርብ» የሚለው ትርጉሙ ቀረ። ባለቅኔን የሚያስለቅስ፣ ተሳፋሪን የሚያተርፍ ደንብ!

በሀዲያና በከምባታ እንሰት መፋቅ ከእናት ወደ ልጅ የሚተላለፈው በእጅ ነው። ልጅቱ ስትሳሳት እናት እዚያው እጇን ትይዛታለች። ወረቀት ግን እጅ አይዝም። ከሆሳዕና ወይም ከሺንሺቾ ሙያ ተምሮ የወጣ ወጣት በሦስተኛ ቋንቋው የተጻፈ መመሪያ ይዞ ብቻውን ይቆማል። ዕቃው ሲሰበር ደመወዝ የሚቆረጠው ከእሱ ነው፤ መመሪያውን የጻፈው ሰው ስሙም አይነሣ። እንግዲህ «ማን አሰረው?» ብለን ስንጠይቅ፣ «ምን ተብሎ ተጻፈለት?» ብለንም እንጠይቅ።