ኢሲስ፦ ከአትባራ ማዶ የነበረችው የነገሥታት እናት

ከላስታ ተራሮች የሚነሣው ተከዜና በመተማ በኩል የሚያልፈው ጓንግ በምሥራቅ ሱዳን ተገናኝተው አትባራን ይሠራሉ። በአትባራ፣ በጥቁር ዓባይና በዋናው ዓባይ የተከበበውን የቡታና ሜዳ የጥንት ግሪኮችና ሮማውያን «የሜሮዌ ደሴት» ይሉት ነበር። ገዳሪፍ የምትገኘው በዚህ ሜዳ ደቡብ ምሥራቃዊ ጠርዝ ነው።

እስከ 4ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ድረስ አካባቢውን ያስተዳደረው የሜሮዌ መንግሥት ካመለካቸው እንስት አማልክት መካከል የእናትነቱን ቦታ የያዘችው ኢሲስ ናት። ኢሲስ ትውልዷ ከግብፅ ነው። በአፈ ታሪኩ መሠረት ባሏን ኦሲሪስን ወንድሙ ሴት ከገደለው በኋላ ሬሳውን ፈልጋ ሰበሰበች፤ ልጇን ሆረስንም በረግረግ ውስጥ ደብቃ አሳደገች። ስሟ በግብፅ ሥዕላዊ ጽሕፈት የሚጻፈው በዙፋን ምልክት ነው። ንጉሥ ሁሉ እንደ ሆረስ የእርሷ ልጅ ይባል የነበረውም በከንቱ አልነበረም፤ ዙፋኑን የምትሰጠው እናት ናትና።

ሜሮዌዎች «ዎስ» ብለው ይጠሯት ነበር። የመቃብር ጽሑፎቻቸው በአብዛኛው እርሷንና ኦሲሪስን በመጥራት ይጀምራሉ፤ ለሟቹም ውኃና እንጀራ ይለምናሉ። በናቃ በሚገኘው የአንበሳ አምላክ የአፔዴማክ ቤተ መቅደስ ደግሞ፣ በሰሜኑ የውጭ ግድግዳ ላይ የተሰለፉትን እንስት አማልክት የምትመራው ኢሲስ ናት። ከተከተሏት አንዷ አገር በቀሏ አሜሴሚ፣ የአፔዴማክ ሚስት ናት። ቤተ መቅደሱን በ1ኛው ክፍለ ዘመን ያሠሩት ንጉሥ ናታካማኒና ንግሥት አማኒቶሬ በመግቢያው ላይ በእኩል ቁመት ተቀርጸዋል። በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 8 ላይ የምትጠቀሰው «ህንደኬ» ስሟ የተጸውዖ ስም ሳይሆን የእነዚህ የሜሮዌ ንግሥቶች ማዕረግ ነው።

ይህን ዓለም የአክሱሙ ንጉሥ ዒዛና በሠራዊቱ አናውጦታል። ስለ ኖባ ዘመቻው ያስቀረጸው የግዕዝ ጽሑፍ ሠራዊቱ ተከዜ ላይ እንደተዋጋ፣ የቤተ ጣዖታቱን ምስሎችም እንደሰባበረ ይናገራል። የየትኞቹ አማልክት ምስሎች እንደነበሩ ግን አይገልጽም።

ኢሲስ በዚህ አልጠፋችም። ብዙ ሊቃውንት ከዛሬዎቹ ቤጃዎች ጋር የሚያዛምዷቸው ብሌሚያውያን በ453 ገደማ ከሮም ጋር የ100 ዓመት ሰላም ሲዋዋሉ አንድ ልዩ መብት አስጠብቀዋል፦ የኢሲስን ምስል ከፊላይ ቤተ መቅደስ ወደ አገራቸው ወስደው በቀጠሮው መመለስ። የሮም ግዛት ጣዖት አምልኮን በሕግ ከከለከለ ግማሽ ምዕተ ዓመት ቢያልፍም ስምምነቱ ተከበረ። ፊላይ የተዘጋው በ530ዎቹ፣ በዮስቲንያኖስ ዘመን ነው፤ ምስሎቹም ወደ ቁስጥንጥንያ ተወሰዱ።

ናቃን፣ ሙሰወራትንና የሜሮዌን ከተማ ዩኔስኮ በ2011 በዓለም ቅርስነት መዝግቧቸዋል። በሚያዝያ 2023 የተቀሰቀሰው ጦርነት ብዙ ተፈናቃዮችን ወደ ገዳሪፍ ሲያመጣ፣ በካርቱም የሚገኘው ብሔራዊ ሙዚየም መዘረፉ ተዘግቧል። ዩኔስኮ በመስከረም 2024 የጥበብ ዕቃ ነጋዴዎች ከሱዳን የወጡ ቅርሶችን እንዳይገዙ ጥሪ አቅርቧል።