ውፍረትን ለመቀነስ የሚደረግ ኦፕራሲዮንና የውሳኔው ታሪክ

መግቢያ

ከመጠን በላይ የወፈረ ሰው ክብደቱን ለመቀነስ ኦፕራሲዮን ይደረግ ወይስ ይቅር? ይህ ጥያቄ በመጀመሪያ ሲታይ የሐኪምና የሕመምተኛ ጉዳይ እንጂ የታሪክ ተማሪ ጉዳይ አይመስልም። ነገር ግን ጥያቄው ራሱ ታሪክ አለው። ባለፉት ሰባ ዓመታት የተለወጠው የኦፕራሲዮኑ ዓይነት ብቻ አይደለም፤ ለመወሰን ሲባል በሚዛን ላይ የሚቀመጠው ነገርም ተለውጧል። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ይህን ለውጥ በየዘመኑ ተከታትሎ ማሳየት ነው።

የምናስረዳውም ዋና ነገር ይህ ነው። የመጀመሪያዎቹ ኦፕራሲዮኖች የተተዉት ክብደት መቀነስ ስላልቻሉ አይደለም። ክብደቱ ከቀነሰ በኋላ በዓመታት ውስጥ የሚመጣው ነገር አስቀድሞ ስላልተቆጠረ ነው። ውሳኔው የአንድ ቀን ሳይሆን የዕድሜ ልክ መሆኑ የታወቀው በብዙ ሰዎች ጉዳት ነው። በጽሑፉ ውስጥ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

፩ - አንጀትን የማሳጠር ዘመን

በ1954 በአሜሪካ የሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ ሐኪሞች የነበሩት ክሬመን፥ ሊነርና ኔልሰን ከውሻ ትንሹ አንጀት ከፊሉ ከምግብ መንገድ ቢወጣ ምን እንደሚከተል የመረመሩበትን ጽሑፍ አሳተሙ። ሐሳቡ ቀላል ነው። ምግብ ወደ ደም የሚገባው በአብዛኛው በትንሹ አንጀት በኩል ስለሆነ፥ መንገዱ ካጠረ ወደ ሰውነት የሚገባውም ያንሳል።

በ1956 ፔይንና ዲዊንድ የተባሉ ሐኪሞች በሎስ አንጀለስ ይህን የመሰለ ሥራ በሰው ላይ ጀመሩ። የትንሹን አንጀት መጀመሪያ ወስደው በቀጥታ ከትልቁ አንጀት ጋር አገናኙት። ዕቅዳቸው ጊዜያዊ ነበር፤ ሕመምተኛው የሚፈለገውን ያህል ከከሳ በኋላ አንጀቱ ወደ ቀድሞ ቦታው ይመለሳል፥ ሰውየውም እንደከሳ ይኖራል የሚል ነበር። በ1963 ስለ 10 ሕመምተኞች ያሳተሙት ውጤት ግን ከዚህ ተስፋ ጋር አልተስማማም። ክብደቱ በእርግጥ ወረደ፤ ነገር ግን ብርቱ ተቅማጥ፥ የደም ጨው መዛባትና የጉበት ሕመም ተከተሉ። አንጀታቸው ወደ ቀድሞው የተመለሰላቸውም እንደገና ወፈሩ።

ከዚህ በኋላ ጊዜያዊ የሚለው ሐሳብ ተትቶ፥ ሕመምተኛው ለዘለቄታው ሊኖርበት የሚችል ሌላ አሠራር ተፈለገ። እነዚሁ ሐኪሞች በ1969 ባስታወቁት አሠራር ከትንሹ አንጀት መጀመሪያ 35 ሳንቲሜትር፥ ከመጨረሻውም 10 ሳንቲሜትር ብቻ ተገናኝቶ ለምግብ መንገድነት ቀረ። የጎልማሳ ሰው ትንሹ አንጀት 6 ሜትር ያህል መሆኑን ስናስብ፥ የቀረው መንገድ ግማሽ ሜትር እንኳ የማይሞላ ነበር።

ይህ ኦፕራሲዮን በ1960ዎቹ መጨረሻና በ1970ዎቹ በሺህ ለሚቆጠሩ ሰዎች ተሠራ። ሕመምተኛውም ሐኪሙም በመጀመሪያው ዓመት በሚዛን ላይ የሚያዩት ውጤት አስደሳች ነበር። ከዚያ በኋላ ግን የኩላሊት ጠጠር፥ የመገጣጠሚያ ሕመም፥ የቪታሚን እጦት፥ አልፎ አልፎም ለሞት የሚያደርስ የጉበት መድከም ታየ። ብዙዎች አንጀታቸውን ወደ ቀድሞው ለማስመለስ ሁለተኛ ጊዜ ኦፕራሲዮን ተደረጉ። በ1980ዎቹ መጀመሪያ ላይ አሠራሩ ከሞላ ጎደል ተተወ።

እዚህ ላይ ሐኪሞቹን መውቀስ ቀላል ነው። ነገር ግን በዚያ ዘመን እጅግ የወፈረ ሰው የነበረው ሌላ ምርጫ ከምግብ መከልከል ነበር፤ በዚህ ከስተው ብዙ ሳይቆዩ የሚመለሱት ደግሞ ብዙዎች ነበሩ። ጉድለቱ የድፍረት ሳይሆን የሂሳብ ነው። ትርፉ በመጀመሪያው ዓመት ሲቆጠር፥ ዕዳው ገና አልደረሰም ነበር።

፪ - ከአንጀት ወደ ጨጓራ

የአዮዋ ዩኒቨርሲቲ ሐኪም የነበሩት ኤድዋርድ ሜሰን ሌላ ነገር አስተዋሉ። ለጨጓራ ቁስል ሲባል የጨጓራቸው ከፊል የተቆረጠላቸው ሰዎች ከዚያ በኋላ ክብደት መጨመር ይቸግራቸው ነበር። በ1966 ሜሰን ከባልደረባቸው ከኢቶ ጋር ሆነው ጨጓራን ለሁለት ከፍለው፥ ትንሹን የላይኛውን ከረጢት ከአንጀት ጋር በማገናኘት የመጀመሪያውን የጨጓራ ባይፓስ ሠሩ። በዚህ አሠራር ሰውየው ጥቂት በልቶ ይጠግባል፤ አብዛኛው አንጀት ግን ሥራውን ይቀጥላል።

በ1977 የኬንታኪው ሐኪም ግሪፈንና ጓደኞቻቸው ሁለቱን ኦፕራሲዮኖች አወዳደሩ። የክብደቱ መቀነስ የተቀራረበ ሲሆን፥ የጉበትና የኩላሊት ጉዳት በአንጀት ማሳጠሩ በኩል በዛ። ስለዚህ በሚዛኑ ላይ ሁለተኛ ነገር ተጨመረ። ጥያቄው «ስንት ኪሎ ይወርዳል?» መሆኑ ቀርቶ «ያንኑ ያህል ኪሎ በየትኛው ጉዳት ይወርዳል?» ሆነ።

፫ - የ1991 ጉባኤ

በመጋቢት 1991 የአሜሪካ ብሔራዊ የጤና ተቋማት ስለዚህ ጉዳይ ጉባኤ አደረጉ። ጉባኤው የወሰነው መለኪያ ከ30 ዓመት በላይ በብዙ አገር ሲሠራበት ቆይቷል። መለኪያውም በኪሎግራም የተመዘነው ክብደት፥ በሜትር ለተለካው ቁመት ሁለት ጊዜ ሲካፈል የሚገኘው ቁጥር ነው። ይህ ቁጥር 40 ወይም ከዚያ በላይ የሆነ፥ ወይም ከ35 እስከ 40 ሆኖ እንደ ስኳር በሽታ ያለ ከባድ ሕመም የተጨመረበት ሰው ለኦፕራሲዮን ሊታሰብ ይችላል ተባለ። ቁመቱ 1 ሜትር ከ70 የሆነ ሰው 40 የሚደርሰው 116 ኪሎ ያህል ሲመዝን ነው።

በእኛ አስተያየት ግን ከቁጥሩ ይልቅ የሚበልጠው ሌላው የጉባኤው ቃል ነው። ሕመምተኛው ጥቅሙንና ጉዳቱን በሚገባ የተረዳና ፈቃደኛ መሆን አለበት፤ ልዩ ልዩ ባለሙያዎች አብረው ሊመረምሩት ይገባል፤ ከኦፕራሲዮኑም በኋላ ዕድሜውን ሙሉ ክትትል ያስፈልገዋል ተባለ። የቀደመው ዘመን ጉዳት የውሳኔ ሥርዓት ሆኖ የተጻፈው በዚህ ጊዜ ነው።

፬ - የቀለበቱ ታሪክ

በዚህ ታሪክ ውስጥ የአገራችን ተወላጅ የሆኑ ሰውም ይገኛሉ። በቤልጅግ አገር በዊ ከተማ ይሠሩ የነበሩት ትውልደ ኢትዮጵያዊው ዶክተር ምትኩ በላቸው፥ በ1993 በላፓሮስኮፒ፥ ማለትም ሆድ በሰፊው ሳይቀደድ በትንንሽ ቀዳዳ በሚገባ መሣሪያ፥ የሚጠብቅና የሚላላ የሲሊኮን ቀለበት በሰው ጨጓራ ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ አኖሩ። ከቆዳ ሥር በሚቀመጥ መቀበያ በኩል ፈሳሽ ሲጨመር ቀለበቱ ይጠብቃል፥ ሲቀነስ ይላላል። ጨጓራው አይቆረጥም፤ ካስፈለገም ቀለበቱ ይወጣል።

ይህ አሠራር ለወሳኙ ሰው ትልቅ ነገር ሰጥቶ ነበር፤ ይኸውም የመመለስ መንገድ ነው። በአሜሪካ በ2001 ተፈቅዶ፥ በ2011 በዚያ አገር ከተደረጉት የውፍረት ኦፕራሲዮኖች ከሦስት አንድ እጅ የሚበልጠው ይኸው ነበር። ነገር ግን ዓመታት ሲቆጠሩ ቀለበቱ ከቦታው እየተንሸራተተ ወይም ክብደቱ እንደሚፈለገው ሳይወርድ እየቀረ ብዙዎች እንደገና ኦፕራሲዮን ስላስፈለጋቸው፥ በ2018 ድርሻው ከመቶ አንድ ያህል ሆነ። ቦታውን የወሰደው አብዛኛውን ጨጓራ ቆርጦ የቀረውን እንደ እጅጌ የማጥበብ አሠራር ነው፤ ይህ ደግሞ መመለሻ የለውም። የቀለበቱ ሥራ ከንቱ ቀረ ማለታችን አይደለም። በትንንሽ ቀዳዳ የመሥራት ልማድ እንዲስፋፋ ከረዱት አንዱ ነው። ሆኖም የመጀመሪያው ቀን ቀላልነት ለኋለኞቹ ዓመታት ዋስ እንደማይሆን ዳግመኛ አስተማረ።

፭ - የስዊድን ቆጠራ

ዓመታትን በትዕግሥት የቆጠረ ትልቅ ጥናት የተደረገው በስዊድን ነው። ከ1987 እስከ 2001 ድረስ 2,010 ኦፕራሲዮን የመረጡና 2,037 ያልመረጡ ተመሳሳይ ሰዎች ተመዘገቡ። በዕጣ እንዲመደቡ አልተፈቀደም፤ በዚያ ዘመን የኦፕራሲዮኑ ሞት ከፍ ያለ ስለነበር እያንዳንዱ ሰው ራሱ እንዲመርጥ ተደረገ። ስለዚህ ይህ ጥናት የሰዎች ውሳኔ መዝገብ ጭምር ነው። መራጮቹና ያልመረጡት በሌላ ነገርም ሊለያዩ ስለሚችሉ ግን ውጤቱ በጥንቃቄ መነበብ አለበት።

በ2007 በታተመው ውጤት፥ በአማካይ 11 ዓመት ያህል ውስጥ ካልተሠራላቸው 129፥ ከተሠራላቸው 101 ሰዎች ሞተዋል። በመጀመሪያዎቹ 90 ቀናት ግን የሞቱት ከተሠራላቸው 5፥ ካልተሠራላቸው 2 ነበሩ። ከ10 ዓመት በኋላ የጨጓራ ባይፓስ የተደረገላቸው ከመጀመሪያ ክብደታቸው ከመቶ 25፥ ቀለበት የተደረገላቸው ከመቶ 14 ቀንሰው ተገኙ። በ2020 የወጣው ቆጠራ ደግሞ የተሠራላቸው ሰዎች ዕድሜ በ3 ዓመት ያህል እንደረዘመ፥ ሆኖም ከተራው ሕዝብ ዕድሜ በ5 ዓመት ተኩል ያህል እንደሚያንስ አሳየ።

በዚያው በ2007 በአሜሪካ በዩታ የተደረገ ሌላ ጥናት የጨጓራ ባይፓስ የተደረገላቸው ሰዎች ሞት ከመቶ 40 እንደቀነሰ ሲያመለክት፥ በአደጋና ራስን በማጥፋት የሚደርሰው ሞት ግን በእነርሱ ዘንድ ከፍ ብሎ አግኝቷል። ሰውነት ሲከሳ ሐሳብና ኑሮ አብረው እንደማይድኑ ከዚህ እንረዳለን።

መደምደሚያ

በ2022 ሁለት የሐኪሞች ማኅበራት መለኪያውን ዝቅ አድርገው፥ ቁጥሩ 35 ለደረሰ ሰው ሌላ ሕመም ባይኖርበትም ኦፕራሲዮን እንዲመከር አስታወቁ። በሌላ በኩል በ2021 በአሜሪካ ለውፍረት የተፈቀደው ሴማግሉታይድ የተባለ መርፌ በ68 ሳምንት ከክብደት ከመቶ 15 ያህል እንደሚቀንስ ታይቷል፤ መድኃኒቱን ያቋረጡት ግን በአንድ ዓመት ውስጥ ከቀነሱት ሁለት ሦስተኛውን መልሰው አግኝተዋል። የሎስ አንጀለሶቹ ሕመምተኞች ታሪክ በሌላ መልክ ተመልሷል ማለት ይቻላል። በኦፕራሲዮንም ሆነ በመርፌ፥ ለጊዜው ብቻ የሚሆን መፍትሔ እስካሁን አልተገኘም።

ስለዚህ ከታሪኩ የምናገኘው «ይደረግ» ወይም «አይደረግ» የሚል አንድ መልስ አይደለም። የዛሬው ኦፕራሲዮን ከ1960ዎቹ ጋር የማይወዳደር ደኅንነት አለው፤ እጅግ ለወፈረና የስኳር በሽታ ላለበት ሰው እንቢ ማለትም ራሱ አደጋ ያለበት ውሳኔ ነው። የምናገኘው የጥያቄውን ትክክለኛ አቀማመጥ ነው። በአሥረኛው ዓመት ደሜን የሚመረምር ማን ነው? ቪታሚኑን ሳላቋርጥ ከየት አገኛለሁ? ሌላ ኦፕራሲዮን ቢያስፈልግ ወዴት እሄዳለሁ? በተለይ ባሕር ተሻግሮ ተሠርቶለት ወደ አገሩ የሚመለስ ሰው እነዚህን ከመሳፈሩ በፊት መመለስ ይኖርበታል፤ የሠራለት ሐኪም በዚያ ሲቀር፥ ኦፕራሲዮኑ ግን ከእርሱ ጋር ይመጣልና።