ከዲቪዲ የተቀዳ ቪዲዮን ለኤዲቲንግ ማዘጋጀት

ከዲቪዲ የተቀዳ ቪዲዮን ለኤዲቲንግ ማዘጋጀት ማለት በዲስክ ላይ ያለውን ምስልና ድምፅ ወደ ኮምፒውተር ገልብጦ የኤዲቲንግ ሶፍትዌር በቀላሉ ሊቆርጠው ወደሚችል ፋይል መቀየር ነው። በኢትዮጵያ ብዙ የሰርግ፣ የምረቃና የበዓል ቪዲዮዎች በዲቪዲ ተቀምጠዋል። የካሜራው ካሴት ከጠፋ ዲስኩ ብቸኛው ቅጂ ስለሚሆን በዝግጅቱ ወቅት የጠፋ ጥራት ተመልሶ አይገኝም።

የዲስኩ ይዘት

ባለ አንድ ንብርብር ዲቪዲ 4.7 ጊጋባይት ይይዛል። ቪዲዮው ቪኦቢ በሚባሉ፣ እያንዳንዳቸው ከ1 ጊጋባይት በማይበልጡ ፋይሎች ተከፋፍሎ ይቀመጣል። ክፍፍሉ በመጠን ብቻ ስለሆነ አንድ ትዕይንት ለሁለት ሊቆረጥ ይችላል፤ በመሆኑም ፋይሎቹን በቅደም ተከተል ማያያዝ ያስፈልጋል።

ምስሉ የታመቀው በኤምፔግ-2 ነው። በዚህ ዘዴ ብዙውን ጊዜ ከ12 ወይም ከ15 ፍሬሞች አንዱ ብቻ ሙሉ ምስል ሲሆን የቀሩት ከጎረቤቶቻቸው የሚለዩበትን ብቻ ይይዛሉ። ይህ ለማጫወት ተስማሚ ቢሆንም በመሃል ለመቁረጥ አይመችም።

መገልበጥና መቀየር

ሜክኤምኬቪ ቪዲዮውን እንደገና ሳያምቅ ይገለብጣል። ሃንድብሬክ ግን ሁልጊዜ እንደገና ስለሚያምቅ ጥራት ይቀንሳል። ኤዲቲንጉ በቀጥታ በኤምፔግ-2 ከከበደ እያንዳንዱን ፍሬም ለብቻው ወደሚይዝ ዓይነት፣ ለምሳሌ ወደ ፕሮሬስ፣ በኤፍኤፍኤምፔግ መቀየር ይቻላል። ፕሮሬስ 422 በፓል መጠን ለአንድ ሰዓት ቪዲዮ 18 ጊጋባይት ገደማ ይፈልጋል። አንዳንድ ሶፍትዌሮች የዲቪዲን ኤሲ-3 ድምፅ ስለማያነቡ ድምፁ ወደ 48 ኪሎኸርዝ ዌቭ ፋይል ይቀየራል።

ፓልና ኤንቲኤስሲ

ኢትዮጵያ የምትከተለው የፓል ሥርዓት ሲሆን ምስሉ 720×576 ፒክስል፣ በሰከንድ 25 ፍሬም ነው። ከአሜሪካ የሚላክ ዲስክ ግን አብዛኛውን ጊዜ ኤንቲኤስሲ፣ ማለትም 720×480 ፒክስልና በሰከንድ 29.97 ፍሬም ነው። በአዲስ አበባ የተቀረጸ ሰርግና በዋሽንግተን የተቀረጸ መልስ በአንድ ፊልም ሲቀላቀሉ ፕሮጀክቱ በአብዛኛው ቪዲዮ ሥርዓት ይከፈታል፤ የቀረው ወደዚያ ይቀየራል። ፍሬም እየጣሉ መቀየር እንቅስቃሴውን ያንቀጠቅጣል።

የዲቪዲ ፒክስል ካሬ አይደለም። የፓል ምስል በ4፡3 ሲታይ 768×576፣ በ16፡9 ደግሞ 1024×576 መሆን አለበት፤ ካልተስተካከለ የሰው ፊት ይቀጥናል ወይም ይሰፋል።

የተጠላለፉ መስመሮች

አብዛኛው በቪዲዮ ካሜራ የተቀረጸ ዲቪዲ እያንዳንዱን ፍሬም በሁለት ግማሾች ይይዛል፤ አንዱ ጎዶሎ መስመሮችን፣ ሌላው ሙሉ መስመሮችን። ሁለቱ የተቀረጹት በተለያየ ቅጽበት ስለሆነ በእንጦጦ ዳገት ልምምድ የሚሠራ ሯጭ በኮምፒውተር ሲታይ እጅና እግሩ ዳር ላይ እንደ ማበጠሪያ ጥርስ ያሉ መስመሮች ይወጣሉ። መስመሮቹን ለይቶ ማስተካከል የሚገባው ምስሉን ከማሳደግ በፊት ነው። በሰከንድ 50 ፍሬም አድርጎ ማውጣት የእንቅስቃሴውን ልስላሴ ይጠብቃል። የግማሾቹ ቅደም ተከተል ከተሳሳተ እንቅስቃሴው ወደ ፊትና ወደ ኋላ ይዘላል፤ የሚኒ ዲቪ ካሜራ የታችኛውን ግማሽ ያስቀድማል።

በነፋስ የሚወዛወዝ የእንጦጦ ባሕር ዛፍ ቅጠልን የመሰለ ረቂቅ ዝርዝር በኤምፔግ-2 ሲታመቅ ወደ ትናንሽ አራት ማዕዘኖች ሊሰባበር ይችላል። ይህ ጉድለት በዲስኩ ላይ ያለ ስለሆነ ወደ 1920×1080 ማሳደግ አያስወግደውም።

የቅጂ መብት

ፊልሞችንና ክሊፖችን በኢትዮጵያ የሚጠብቀው የቅጅና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ነው። የሌላ ሰው ሥራ ከሆነ ገልብጦ በአዲስ ፊልም ለማሰራጨት የባለመብቱ ፈቃድ ያስፈልጋል።