የቤተሰብ ፖሊሲ ጉባኤዎች፦ ከዶሃ እስከ ወናጎ

የቤተሰብ ፖሊሲ ጉባኤ መንግሥታት፣ የሃይማኖት ተቋማትና ምሁራን ትዳርንና የልጆችን አስተዳደግ በሕግና በበጀት እንዴት መደገፍ እንደሚቻል የሚመክሩበት መድረክ ነው። የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት 1994 እ.ኤ.አ.ን ዓለም አቀፍ የቤተሰብ ዓመት ብሎ ሰይሞ ነበር፤ በዐሥረኛው ዓመት መታሰቢያ፣ በ2004 እ.ኤ.አ. ኅዳር ወር፣ ዶሃ ዓለም አቀፍ የቤተሰብ ጉባኤ አስተናግዳለች።

በሀገራችን የውይይቱ መሠረት የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 34 ነው። ቤተሰብ ጥበቃ እንዲደረግለት ይደነግጋል፤ ተከራካሪዎች ከፈቀዱም ጉዳያቸው በሃይማኖት ሕግ እንዲዳኝ ይፈቅዳል። የፌዴራል ሸሪዓ ፍርድ ቤቶች በአዋጅ ቁጥር 188/1992 ተጠናክረዋል። የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ (አዋጅ ቁጥር 213/1992) በሃይማኖት ሥርዓት የተፈጸመ ጋብቻን ያውቃል፤ የጋብቻ ዕድሜንም ለሁለቱም 18 ዓመት አድርጓል። ክልሎች ደግሞ የየራሳቸውን የቤተሰብ ሕግ ያወጣሉ።

ይህ ሁሉ ከዲላ በስተደቡብ፣ በሞያሌ መንገድ ላይ ለምትገኘው ወናጎ ምን ይጠቅማል? ወናጎ ሕዝብ እጅግ የሰፈረባት፣ ኑሮዋ በቡናና በእንሰት ላይ የቆመ ወረዳ ናት። የአንድ ቤተሰብ ሀብት ብዙ ጊዜ ትንሽ የቡና ማሳ ነው። ባል ሲሞት ወይም ፍቺ ሲመጣ፣ ኒካሕዋ በሽማግሌዎች ትዝታ ብቻ የሚታወቅ እህት መህሯንም ሆነ የውርስ ድርሻዋን ለማስከበር ትቸገራለች። በ2010 በጌዴኦና በምዕራብ ጉጂ ግጭት በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ተፈናቅለዋል። ነፍሱን ይዞ የሚሸሽ ሰው ወረቀቱን ሊያጣ ይችላል፤ በመንግሥት መዝገብ የሰፈረ ጋብቻ ግን ማረጋገጫው እንደገና ይገኛል።

መፍትሔው ቅርብ ነው። የወሳኝ ኩነቶች ምዝገባ ከሐምሌ 30 ቀን 2008 ጀምሮ በመላ ሀገሪቱ ይካሄዳል፤ አዋጁ ጋብቻ በ30 ቀናት፣ ልደት በ90 ቀናት ውስጥ እንዲመዘገብ ያዛል። ምዝገባው ኒካሕን አይተካም፤ ወሊዩ፣ ምስክሮቹና መህሩ እንዳሉ ናቸው። ቁርኣን በአል-በቀራ ምዕራፍ አንቀጽ 282 የብድር ውል እንዲጻፍ ካዘዘ፣ ከብድር የሚከብደውን የትዳር ቃል ኪዳን መጻፍ እንዴት ይበዛብናል?

ስለዚህ የቤተሰብ ጉባኤን ውጤት የምንለካው በአቋም መግለጫው ርዝመት አይደለም። ኢማሞች ኒካሕ ካሰሩ በኋላ ሙሽሮቹን ወደ ቀበሌው መዝገብ ይልካሉ? የገጠር እናትስ በቅርቧ የሚመዘግብላት ታገኛለች? መልሱ አዎ የሚሆነው ወናጎ ላይ ነው እንጂ በአዳራሽ አይደለም። ወላሁ አዕለም።