ከሊቃውንት ጽሑፍ እስከ አማተር ሲኒማ አንሺ እጅ፤ የእንቅስቃሴ መከታተያ ሶፍትዌር አጭር ታሪክ

አንድ ሲኒማ አንሺ ካሜራውን በአንድ ስፍራ ተክሎ ባዶ ኮረብታ ቢያነሣና በኋላ በኮረብታው ላይ ግንብ ቢጨምርበት ሥራው እምብዛም አያስቸግርም። ካሜራው የተንቀሳቀሰ እንደ ሆነ ግን ነገሩ ይለወጣል። የተጨመረው ግንብ ከኮረብታው ጋር አብሮ ካልሄደ በውሃ ላይ እንዳለ ቅጠል ሲንሸራተት ይታያል፤ ተመልካቹም ወዲያው ይነቃበታል። ይህ እንዳይሆን ካሜራው በእያንዳንዱ ሥዕል ከየት ቆሞ ወዴት ይመለከት እንደ ነበረ ማወቅ ያስፈልጋል። ይህንኑ ከተነሣው ፊልም ከራሱ ፈልጎ የሚያወጣው መሣሪያ የእንቅስቃሴ መከታተያ ሶፍትዌር ይባላል። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ መሣሪያው ከትልልቅ የፊልም ኩባንያዎች አልፎ በገዛ ኪሱ ፊልም ለሚሠራው አማተር የደረሰበትን መንገድና ምክንያቱን መመርመር ነው። ዘመኖቹ ሁሉ የተጻፉት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

አስቀድሞ የነበሩት ዘዴዎች ብዙ ጉልበት ወይም ብዙ ገንዘብ የሚጠይቁ ነበሩ። ማክስ ፍላይሸር በ1917 የፈጠራ መብት ያገኘበት ሮቶስኮፕ፣ ፊልሙን ሥዕል በሥዕል በመስተዋት ላይ እያሳየ በእጅ የሚያስገለብጥ መሣሪያ ነው። በሴኮንድ 24 ሥዕል በሚሄድ ፊልም አንዲት ደቂቃ 1,440 ሥዕል ስለምትሆን ድካሙን መገመት አያዳግትም። በ1977 ለወጣው «ስታር ዎርስ» ደግሞ የጆን ዳይክስትራ ቡድን አንዱን እንቅስቃሴ ሳያዛንፍ ደጋግሞ የሚፈጽም፣ በኤሌክትሮኒክስ የሚታዘዝ የካሜራ መሣሪያ አዘጋጀ። ይሁን እንጂ ይህ መሣሪያ እንቅስቃሴውን አስቀድሞ ያዛል እንጂ ከፊልሙ አያነብም፤ የአማተር አቅምም አይደርስበትም ነበር።

የካሜራን ስፍራ ከሥዕል የማንበቡን ጥያቄ የመረመሩት ሲኒማ አንሺዎች ሳይሆኑ የሒሳብና የሳይንስ ሊቃውንት ናቸው። ኦስትሪያዊው ኤርቪን ክሩፓ በ1913 እንዳሳየው፣ የካሜራው የውስጥ ልኬት ከታወቀ፣ በሁለት ሥዕሎች ላይ የታዩ አምስት ነጥቦች የሁለቱን ማንሻ ስፍራዎች አንጻራዊ አቋም ከጥቂት አማራጮች ውስጥ ለመወሰን ይበቃሉ። በ1981 እንግሊዛዊው ክሪስቶፈር ሎንጌ ሂጊንስ በስምንት ነጥቦች የሚሠራ፣ ለኮምፒዩተር የቀለለ ስሌት «ኔቸር» በተባለው መጽሔት አሳተመ። በዚያው ዓመት በካርኔጊ ሜለን ዩኒቨርሲቲ ብሩስ ሉካስና ታኬዎ ካናዴ በአንድ ሥዕል ያለች ትንሽ ክፍል በሌላው ሥዕል የት እንደምትገኝ የሚፈልግ ዘዴ አቀረቡ። በ1994 ጂያንቦ ሺና ካርሎ ቶማሲ ለመከታተል የሚመቸው ነጥብ የትኛው እንደ ሆነ ገለጹ። በኖራ የተቀባ ግድግዳ ምልክት ስለሌለው አይመችም፤ የመስኮት ማዕዘን ግን በየትኛውም አቅጣጫ ቢነቃነቅ ይታወቃል። እነዚህ ጽሑፎች ለሲኒማ ተብለው የተዘጋጁ አልነበሩም፤ ነገር ግን በግልጽ ስለ ታተሙ ማንም አንብቦ ሊሠራባቸው ቻለ።

በ2001 ከኦክስፎርድ ምርምር የፈለቀው «ቡዡ» ነጥቦቹን ራሱ መርጦ፣ ራሱ ተከታትሎ የካሜራውን መንገድ የሚያወጣ ሆኖ ለገበያ ቀረበ። ዋጋው ግን በሺህ ዶላር የሚቆጠር ስለ ነበረ ለኩባንያ እንጂ ለግለሰብ የሚሆን አልነበረም። በ2003 የወጣውና በአንድ ሰው፣ በራስ አንደርሰን፣ የተሠራው «ሲንትአይዝ» በጥቂት መቶ ዶላር በመሸጡ በሩን ለአማተሩ ከፈተ። በ2008 ደግሞ እንደ ግድግዳና እንደ ሰሌዳ ያለውን ጠፍጣፋ ገጽ የሚከታተለው «ሞካ» ከ«አፍተር ኢፌክትስ» ጋር ተጠቃልሎ መጣ።

ከሁሉ ይልቅ ልብ ሊባል የሚገባው የነጻዎቹ ታሪክ ነው። የማንቸስተር ዩኒቨርሲቲ «ኢካሩስ» የተባለውን ሶፍትዌር ለትምህርት በነጻ ያድል ነበር፤ ሥራው ወደ ንግድ ተላልፎ የ«ፒኤፍትራክ» መሠረት ሲሆን ግን እደላው ቆመ። «ብሌንደር» በሌላ መንገድ ሄደ። በ2002 ከሕዝብ 100,000 ዩሮ ተሰብስቦ ማንም እንዲገለብጠው፣ እንዲያሻሽለውና መልሶ እንዲያድለው በሚፈቅድ ውል ወጣ። «ሊብኤምቪ» በተባለው፣ እንደዚሁ ነጻ በሆነ ሥራ ላይ ተመሥርቶ በታኅሣሥ 2011 የካሜራ ክትትል ተጨመረለት፤ በ2012ም በአምስተርዳም የተሠራው «ቲርስ ኦቭ ስቲል» የተባለ አጭር ፊልም መሣሪያውን በተግባር ፈተነው።

አንዳንድ ሰዎች የነገሩ ሁሉ ምክንያት የኮምፒዩተር ዋጋ መርከስ ነው ይሉ ይሆናል። በእርግጥ ያለዚያ ምንም ባልተደረገ ነበር። ነገር ግን ኢካሩስ ከተማሪው እጅ በራቀ ጊዜ ኮምፒዩተር አልተወደደም፤ የተለወጠው ውሉ ነው። ስለዚህ በነጻ መስጠትና ነጻ ማድረግ ልዩነት አላቸው። የመጀመሪያው በሰጪው ፈቃድ ይቆያል፤ ሁለተኛውን ግን ሰጪው ራሱ ሊመልሰው አይችልም።

በመጨረሻም ሶፍትዌሩ የማይሰጠው ነገር መኖሩን መዘንጋት አይገባም። ካሜራው ከስፍራው ሳይነቃነቅ ቢዞር ብቻ፣ ቅርቡና ሩቁ እኩል ስለሚሄዱ ጥልቀት አይገኝም፤ ጥቂት እርምጃ ወደ ጎን መሄድ ያስፈልጋል። ባዶ ግድግዳ ላይ የወረቀት ምልክት መለጠፍ ይጠቅማል። ደግሞም ከሥዕሉ ብቻ ግንቡ የእውነተኛ ሕንፃ ያህል ይሁን ወይም የአሻንጉሊት ያህል ማወቅ አይቻልም። ስለዚህ አንሺው በቦታው ሳለ በሁለት ነጥቦች መካከል ያለውን ርቀት በሜትር ለክቶ ሊጽፍ ይገባዋል። የሺህ ዶላሩን መሣሪያ ያለ ዋጋ ያገኘ ተማሪ፣ ከሊቃውንቱ ጽሑፍ ይህን ያህሉን እንኳ ቢያነብ ብዙ ድካም ይቀርለታል።