ገበያው፣ መጋዘኑና የሐራ ሜዳ

በባቡር ሐዲድ ፕላን ላይ የሰፈረው ስም «ሐራ ገበያ» የሚል ነው። ስሙ እንደሚመሰክረው ቦታውን ያስጠራው ገበያው ነው። ከወልድያ ወደ አፋር በሚያወርደው ቆላማ ሜዳ የደጋው እህልና የቆላው ከብት ይገናኛሉ። እንዲህ ያለ ገበያ መሬት አይበላም። ቀኑ ሲደርስ ሜዳው በሰውና በአህያ ይሞላል፤ ሲመሽ ባዶ ይሆናል።

ይህን ሥርዓት ክፉኛ የተፈታተነው ታላቅ ነጋዴ የውጭ አገር ኩባንያ አልነበረም፤ መንግሥት ነበር። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት የሕዝብ ሀብት እንዲሆን ከታወጀ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1976 የእርሻ ሰብል ገበያ ድርጅት ተቋቋመ። ድርጅቱ በገበሬ ማኅበራት በኩል ኮታ እየመደበ እህል በተቆረጠ ዋጋ ይገዛ ነበር። ፈቃድ ያለው ነጋዴም ከሰበሰበው ከፊሉን ለዚሁ ድርጅት እንዲያስረክብ ተገደደ። እህል ከክፍለ ሀገር ክፍለ ሀገር እንዳይዘዋወር ኬላ ያግደው ነበር፤ ስኳሩና ሳሙናው ደግሞ በቀበሌ ሱቅ በራሽን ይታደል ነበር። ወሎን በ1977 ዓ.ም. ረሃብ ሲፈጃት ይኸው አሠራር እንደጸና ነበር። ረሃቡን ያመጣው ኬላው ነው ማለት አይቻልም፤ ሆኖም እህል ከተረፈበት ወደ ጎደለበት የሚያመላልሰው ትንሽ ነጋዴ እጅ የታሰረው፣ እጁ እጅግ በሚፈለግበት ዘመን ነበር።

በ1982 ዓ.ም. የቅይጥ ኢኮኖሚ ፖሊሲ ሲታወጅ ኮታው ቀረ፤ ኬላውም ተነሣ። ትንሹ ነጋዴ ከሜዳው ተመልሶ ተቀመጠ። ሊመለስ የቻለው ግዙፉ ድርጅት ዋጋውን እንጂ ቦታውን ስላልወሰደበት ነው።

ሁለተኛው ፈተና የጀመረው ግን ከቦታው ነው። በ2004 ዓ.ም. ከአዋሽ በኮምቦልቻ በኩል እስከ ሐራ ገበያ የሚደርሰው፣ 390 ኪሎ ሜትር ገደማ የሆነው የሐዲድ ሥራ ያፒ መርከዚ ለተባለው የቱርክ ኩባንያ ተሰጠ። ከመቀሌ የሚወርደውን መስመር የያዘው የቻይና ኩባንያ ነው። በዕቅዱ መሠረት ሐራ የሁለቱ መገናኛ፣ ወደ ታጁራ ወደብ ለታሰበው መስመርም መነሻ ናት። ምርጫው ያለ ምክንያት አልነበረም። ባቡር ዳገት አይወድም፤ ዕቃ የሚራገፍበት ጣቢያም ረጅምና ለጥ ያለ መሬት ይሻል። ችግሩ ማሽላውና ጤፉም የሚሹት ያንኑ መሬት መሆኑ ነው። በ2013 ዓ.ም. መጨረሻ ጦርነት ሰሜን ወሎ ገብቶ ሥራውን አቋረጠው። ይሁን እንጂ አንድ ጊዜ ጠጠር ተነጥፎበት በዳምጠው የተጠቀጠቀ አፈር፣ ሥራው ስለቆመ ብቻ ወደ እርሻነት አይመለስም።

ካሳም አለ። በአዋጅ ቁጥር 1161/2011 መሠረት፣ ምትክ መሬት ሳያገኝ ለዘለቄታው የሚነሣ ገበሬ፣ ከመነሣቱ በፊት ባሉት ሦስት ዓመታት ካገኘው ከሁሉ የበለጠው የዓመት ገቢ በ15 ተባዝቶ ይከፈለዋል። ስሌቱ ከቀድሞው ይሻላል፤ ግን የሚቆጥረው የመሬት ይዞታንና በላዩ ያለውን ንብረት ነው። በሳምንት አንድ ቀን ከሜዳው ዳር ጆንያ ዘርግታ በርበሬ የምትቸረችር ሴት ይዞታዋ ምንድን ነው?

ሌሎች አገሮችም በዚሁ መንገድ አልፈዋል። ዎልማርት እ.ኤ.አ. በ1962 የመጀመሪያውን መደብር የከፈተው በትልቅ ከተማ ሳይሆን ሮጀርስ በምትባል የአርካንሳ ትንሽ ከተማ ነው፤ ርካሽና ሰፊ መሬት የሚገኘው በእንዲህ ያለ ስፍራ ነውና። በፈረንሳይም ካርፉር በ1963 ታላቁን መደብር ከፓሪስ ውጭ ከከፈተ በኋላ ባለ ሱቆች ጮኹ፤ በ1973 በወጣው ሕግ ከ40,000 ሰው በታች በሚኖርባቸው ከተሞች ከ1,000 ካሬ ሜትር የሚበልጥ የመሸጫ ስፍራ ያለ ልዩ ፈቃድ እንዳይሠራ ተከለከለ። ሕጉ የለካው በገንዘብ ሳይሆን በካሬ ሜትር መሆኑን አንባቢ ልብ ይሏል።

በኢትዮጵያ ለዜጎች ብቻ ተከልሎ የቆየው የችርቻሮ ንግድ በ2016 ዓ.ም. በወጣ መመሪያ ለውጭ ባለሀብት ተከፍቷል። ባቡሩ ሐራ በሚደርስበት ቀን፣ አገር ውስጥም ይሁን የውጭ፣ ታላቅ መጋዘን ሊተክል የሚመጣ ነጋዴ የሚጠይቀው መሬት ከወዲሁ የታወቀ ነው፦ ከሐዲዱ ጎን ያለው፣ ለጥ ያለው፣ ዛሬ በዓመት ሲታረስ በሳምንት ደግሞ ገበያተኛ የሚሻገረው ሜዳ።